ከባርያ ገበያ እስከ አልበርት ሐይቅ፤ የፍሎረንስ ቤከር የሕይወት ታሪክ

አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ወንዙ በክረምት ግንዱንም ድንጋዩንም አፈሩንም ጠራርጎ ወደ ሰው አገር ሲወስድ በዓይናቸው ስላዩ ነው። እኛም ዛሬ የምንተርከው ይህንኑ ወንዝና ገባሮቹን ተከትለው፣ ማደሪያ ሳይኖራቸው ከግብጽ እስከ ዑጋንዳ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ስለ ተንከራተቱ ስለ አንድ ባልና ሚስት ነው።

ባልየው ሰር ሳሙኤል ቤከር የሚባለው እንግሊዛዊ አሳሽ ነው። ስሙ በታሪክና በጂኦግራፊ መጻሕፍት ስለ ተጻፈ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሚስቱን ፍሎረንስን የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን የጉዞውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለተመለከተ ሰው፣ መንገዱ ሊቋረጥ በተቃረበበት ቦታ ሁሉ ያቃናችው እርስዋ ሆና ትገኛለች። ስለዚህ ታሪኩን ዛሬ ከእርስዋ በኩል ሆነን ልንተርከው አሰብን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በገበያ የቆመች ልጅ

ፍሎረንስ የተወለደችው በ1841 ገደማ ትራንሲልቫኒያ በሚባለው አገር፣ ናጂየኔድ በምትባል ከተማ ነው። ያ አገር በዚያን ዘመን የሀንጋሪ ወገን ሲሆን ዛሬ በሩማንያ ውስጥ ይገኛል፤ ከተማይቱም አዩድ ትባላለች። ልጅቱ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆናት፣ በ1848 ሀንጋሪዎች በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ላይ ተነሡ። የዚህም አብዮት እሳት እስከ 1849 ድረስ ሲነድ ከተማይቱ ተቃጠለች፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ፍሎረንስ ወላጆችዋን አጥታ ከስደተኞች ጋር በቱርክ መንግሥት ግዛት ውስጥ ወደ ነበረችው፣ ዛሬ በቡልጋሪያ ወደምትገኘው ወደ ቪዲን ከተማ ደረሰች። በዚያም በባርያ ነጋዴ እጅ ገብታ አደገች።

ሳሙኤል ቤከር ደግሞ በ1821 በሎንዶን ከባለጠጋ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ በጃማይካና በሞሪሸስ ደሴቶች የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበረው። ይህም እርሻ በባርያዎች ጉልበት የተቋቋመ ነበረ። ቤከር በወጣትነቱ አግብቶ፣ በሴሎን ደሴት ከፍተኛ ቦታ ላይ እርሻ አቋቁሞ፣ አደን እያደነ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ በ1855 ሚስቱ ሞተችበት። አራት ሴቶች ልጆቹንም ላላገባች እኅቱ አደራ ሰጥቶ፣ ሐዘኑን ለመርሳት ከአገር ወደ አገር ይዞር ጀመር።

በ1859 መጀመሪያ ላይ ቤከር ዱሊፕ ሲንግ ከሚባለው ከሕንድ ልዑል ጋር ለአደን በዳንዩብ ወንዝ ሲጓዝ፣ ጀልባቸው በበረዶ ግግር ተመትታ ስለ ተሰበረች ቪዲን ላይ ለመቆየት ተገደዱ። ጊዜ ማሳለፊያ ብለውም የባርያ ሐራጅ ወደሚደረግበት ቦታ ሄዱ። በዚያም ቤከር ዕድሜዋ ከ17 ወይም ከ18 ዓመት የማይበልጥ፣ ጠጉርዋ ወርቅ የመሰለ አንዲት ልጅ ለሽያጭ ቆማ አየ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ከፍ ያለውን ዋጋ የሰጠው የከተማይቱ ገዥ ፓሻው ነበረ። ቤከርም በዋጋ ቢሸነፍ ጠባቂዎቹን በጉቦ አታሎ ልጅቱን በድብቅ አስወጣትና በሠረገላ ይዞአት ወደ ሩማንያ ገሠገሠ። የ37 ዓመቱ ሰውና ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞት ሳይለያዩ ኖሩ።

ቤከር ከዚያ በኋላ ከዳንዩብ እስከ ጥቁር ባሕር ወደብ የሚዘረጋውን የምድር ባቡር ሥራ የሚቆጣጠር ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው በ1860 ሲያልቅ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ከመመለስ ይልቅ አፍሪካን መረጠ። ምክንያቱ ሁለት ነበረ። አንደኛው የናይልን ምንጭ ለማግኘት ያለው ምኞት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በባርያ ገበያ የተገኘችን፣ ቤተ ክርስቲያን ያልዳረቻትን ሴት ይዞ ወደ ሎንዶን መግባት በዚያን ዘመን ትልቅ ነውር ስለ ነበረ ነው።

የአትባራ ሙላት

ባልና ሚስቱ በሚያዝያ 1861 ከካይሮ ተነሥተው በናይል ላይ በጀልባ እስከ ኮሮስኮ ተጓዙ። ከዚያም የኑብያን በረሃ በግመል አቋርጠው አቡ ሐመድ፣ ቀጥሎም በርበር ደረሱ። በርበር ላይ አረብኛ ሳያውቁ በአስተርጓሚ ብቻ ወደ ፊት መሄድ ከንቱ መሆኑን ስለ ተረዱ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ቋንቋውን እየተማሩ ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ገባር ወንዞች ለመመርመር ቆረጡ።

አትባራ በደረሱ ጊዜ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ ነበረ። ውሃ የሚገኘው አልፎ አልፎ በቀሩ ኵሬዎች ውስጥ ሲሆን፣ ጉማሬውም አዞውም ዓሣውም በዚያች ጥቂት ውሃ ተጨናንቆ ይኖር ነበረ። ሰኔ 23 ቀን ሌሊት ተጓዦቹ በወንዙ ዳር ተኝተው ሳሉ እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። አገሬዎቹ ወዲያው ወንዙ መጣ እያሉ ተሯሩጠው በአሸዋው ላይ የተኙትን ሰዎች ቀስቅሰው፣ ዕቃውንም በችኮላ ሰብስበው ወደ ዳር አወጡ። ሲነጋ ያ ደረቅ አሸዋ 450 ሜትር ያህል ስፋት፣ ከአምስት ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ያለው ደፍራሳ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። በዚያ በረሃ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ዝናብ አልዘነበችም።

ቤከር የናይልን ሙላት ምስጢር የተረዳው ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ነው። በቀጣዮቹ ወሮች አትባራን፣ እኛ ተከዜ የምንለውን በዚያ ግን ሰቲት የሚባለውን ወንዝ፣ አንገረብን፣ ረሀድንና ዲንደርን እየተዘዋወረ አየ። ከዚህም በኋላ የደረሰበት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበረ። ነጭ አባይ ከሐይቆች ስለሚወጣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ በበጋም ወንዙ በበረሃው ውስጥ እንዳይደርቅ የሚያደርገው እርሱ ነው። የግብጽን እርሻ በየዓመቱ የሚያጥለቀልቀው ሙላትና ምድሩን የሚያለማው ጥቁር አፈር ግን ከኢትዮጵያ ተራሮች በሚወርዱት ወንዞች የሚመጣ ነው። የዛሬው ሳይንስም አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ እንደሚወርድ ያረጋግጣል። አባቶቻችን በተረት የተናገሩትን ቤከር ወንዝ በወንዝ እየዞረ መረመረው።

በክረምቱ ወራት ባልና ሚስቱ ሶፊ በምትባል የአትባራ ዳር መንደር ጎጆ ገዝተው ተቀመጡ። ጎጆዋን የመንደሩ ሰዎች እንዳለች አንሥተው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መረጡት ቦታ አመጡላቸው። ፍሎረንስም ቀሚስ ለእንዲህ ያለ ጉዞ እንደማይመች አይታ እንደ ባልዋ ሱሪ ታጥቃ፣ የቆዳ ጥብቆ በእግርዋ ላይ አድርጋ፣ ድንኳኑንና ጓዙን ታስተዳድር ነበረ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ሐምራን ከሚባሉት አረቦች ጋር በሰቲት ዳር ከረሙ። እነዚህ ሰዎች በፈረስ ሆነው ዝሆንን በጎራዴ ብቻ ቋንጃውን እየመቱ የሚጥሉ አዳኞች ነበሩ።

ከዚያም ወደ መተማ ሄዱ። መተማ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ቡናና ሰም፣ ከሱዳንም ጥጥና ጨርቅ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበረ። ሰውም በዚያ ይሸጥ ነበረ። ወጣት ሴቶች በሰሌን ዳስ ሥር ተቀምጠው ገዢ ይጠብቁ ነበረ። ሦስት ዓመት ብቻ ነበረ ፍሎረንስ ራስዋ በቪዲን እንደዚሁ ከቆመች።

ካርቱም፣ ጎንዶኮሮ

ሰኔ 11 ቀን 1862 ካርቱም ገቡ። ካርቱም ያን ጊዜ የባርያ ንግድ ዋና ከተማ ነበረች። ነጋዴዎቹ የዝሆን ጥርስ ፍለጋ የምንሄድ ነን እያሉ በየዓመቱ በታኅሣሥ በብዙ ጀልባ የታጠቀ ሰው አሳፍረው ወደ ደቡብ ይወጣሉ። በዚያም መንደር አቃጥለው፣ ከብትና ሰው ማርከው፣ ከብቱን በዝሆን ጥርስ ለውጠው ሰዉን ይሸጣሉ። ስለዚህ ከነዚህ ነጋዴዎች ወገን ያልሆነ መንገደኛ ወደዚያ አገር መሄዱን ማንም አልወደደውም። ቤከርም ከብዙ ችግር በኋላ 45 የታጠቁ ሰዎች ቀጥሮ፣ 29 ፈረሶች፣ ግመሎችና አህዮች በሦስት ጀልባ ጭኖ ታኅሣሥ 18 ቀን 1862 ተነሣ።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ሰዓት የሚባል አንድ ልጅ ነበረ። ዕድሜው 12 ዓመት ያህል ይሆናል። ገና በሕፃንነቱ ከአባቱ ፍየሎች ዘንድ ሰርቀውት፣ በሙጫ ስልቻ ውስጥ ከትተው ያመጡት የባርያ ልጅ ነው። በካርቱም ካለው የኦስትሪያ ሚሲዮን ከሌሎች ልጆች ጋር በተባረረ ጊዜ፣ አንድ ማታ ወደ ፍሎረንስ መጥቶ ከእግርዋ ሥር ተንበርክኮ እያለቀሰ እንድታስጠጋው ለመናት። እርስዋም ተቀብላ ልብስ ሰፋችለት፤ ሥራም አስተማረችው። ይህ የምጽዋት ሥራ ብቻ መስሎ ነበረ። ነገር ግን በኋላ ሕይወታቸውን ያተረፈው ይኸው ልጅ ሆነ።

ጎንዶኮሮ የደረሱት የካቲት 2 ቀን 1863 ሲሆን፣ በዚያ ወር አጋማሽ ላይ ስፒክና ግራንት የሚባሉት እንግሊዞች ከዛንዚባር ተነሥተው በቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ልብሳቸው ተቀዳዶ እዚያው ደረሱ። የናይልን ምንጭ አግኝተናል ሲሉ ለቤከር በነገሩት ጊዜ እጅግ አዘነ፤ ለእርሱ የሚቀርለት ሥራ ያለ አልመሰለውምና። እነርሱ ግን ወንዙ ወደ ምዕራብ ታጥፎ የሚገባበት፣ ሊያዩት ያልቻሉት አንድ ሌላ ሐይቅ መኖሩን ነግረው የሠሩትን ካርታ ሰጡት። ባልና ሚስቱም ወደዚያ ለመሄድ ወሰኑ።

ወዲያው ግን ጭፍሮቹ አደሙ። ባርያና ከብት ለመዝረፍ ካልተፈቀደልን አንሄድም አሉ። ቤከር የአድማውን መሪ ሊገርፍ በተነሣ ጊዜ 40 ያህል የታጠቁ ሰዎች ከበቡት። በንዳድ ታማ በድንኳን ውስጥ ተኝታ የነበረችው ፍሎረንስ ጩኸቱን ሰምታ ዘላ ወጥታ በመካከላቸው ገባች። ደኅናዎቹን በስማቸው እየጠራች እንዲያስታርቁ ለመነቻቸው። ሰዎቹም በመደንገጥ ቀዝቀዝ ስላሉ ቤከር የአድማው መሪ ይቅርታ እንዲጠይቅ አድርጎ ምሕረት ሰጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ጭፍሮቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ሊጠፉ፣ የሚከላከላቸውንም ሊገድሉ መማከራቸውን ሰዓት ሰምቶ ለእመቤቱ ነገራት። በዚህ ምክንያት ቤከር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠመንጃቸውን አስፈታቸው። ከ45ቱም አብረው ለመሄድ የቀሩት 17 ብቻ ሆኑ።

የጠላት ወዳጅነት

መጋቢት 26 ቀን 1863 ያለ መሪና ያለ አስተርጓሚ ተነሡ። ኢብራሂም የሚባለው የባርያ ነጋዴዎች አለቃ ከብዙ ጭፍራ ጋር በዚያው መንገድ ይሄድ ስለ ነበረ፣ የኤሊሪያን ሸለቆ ሳይቀድማቸው ለማለፍ ሌት ተቀን ገሠገሡ። ቢቀድማቸው የኤሊሪያን ሰዎች በላያቸው ላይ እንደሚያስነሣባቸው ያውቁ ነበረና። ነገር ግን በሸለቆው አፍ ላይ ደረሰባቸው። ኢብራሂም ፊቱን አዙሮ ሊያልፍ ሲል ቤከርም በኵራቱ ዝም አለ። ያን ጊዜ ፍሎረንስ ባልዋን ሰውዬውን እንዲጠራው ለመነችው፤ እርስዋም ራስዋ ጠራችው። ኢብራሂም ወደ ኋላ ተመልሶ ተነጋገሩ፤ ጠመንጃና ወርቅ ስጦታ ተሰጠው። ከዚያ በኋላም እስከ ጉዞው ፍጻሜ ወዳጅ ሆኖ ቆየ።

ይህ ነገር ጉዞውን አዳነ። እውነቱን ለመናገር ግን መራራ ነገር ነው። የባርያን ንግድ የሚጠሉት ባልና ሚስት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጓዙት በባርያ ነጋዴዎች ጥላ ሥር ሆነ። ነጋዴዎቹ መንደር ሲዘርፉ ዓይተው መከልከል አልቻሉም።

የላቱካን አገር አልፈው ኦቦ በሚባለው አገር ብዙ ወራት ተቀመጡ። በዚያ ዝናቡ በረታ፤ ፈረሶቹ፣ አህዮቹና ግመሎቹም ተራ በተራ አለቁ። የንዳድ መድኃኒቱ ኪኒን ሊያልቅ ተቃረበ። ቤከር መንገድ ለመመልከት ወደ ፊት በሄደ ጊዜ ሚስቱን ካቺባ ለሚባለው ለኦቦ ሹም አደራ ሰጥቶአት ነበረ። ሽማግሌው ሹምም አደራውን ጠብቆ ቆየ። በጥር 1864 ሁለቱም በሬ እየጋለቡ ወደ ደቡብ ተነሥተው በዚያው ወር ካሩማ ፏፏቴ፣ ማለት የቡንዮሮ መንግሥት ወሰን ደረሱ።

በቡንዮሮ ሳሉ ቋንቋ ታስተረጕምላቸው የነበረችው ባቺታ የምትባል የዚያው አገር ተወላጅ ስትሆን፣ እርስዋም ተማርካ የተሸጠች ባርያ ነበረች። አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው። የናይልን ምስጢር ፍለጋ በተደረገው በዚህ ጉዞ ውስጥ ፍሎረንስም፣ ሰዓትም፣ ባቺታም በገንዘብ የተሸጡ ወይም ለሽያጭ የቀረቡ ሰዎች ነበሩ።

የቡንዮሮ ንጉሥ ካምራሲ እነዚህ እንግዶች ምን እንደ ፈለጉ ስላላወቀ ተጠራጠረ። ቀድሞ የነጋዴዎች ጭፍራ አገሩን ዘርፎ ነበረና መጠራጠሩ አያስደንቅም። ስለዚህ ወንድሙን ንጉሥ አስመስሎ ላከባቸው። ይህም ሰው ስጦታውን ሁሉ ከተቀበለ በኋላ ወደ ሐይቁ ለመሄድ በሚሰናበቱበት ጊዜ ሚስቲቱን እንዲተውለት ቤከርን ጠየቀው። ቤከር ሽጉጡን መዝዞ ደረቱ ላይ ደገነበት። ፍሎረንስም ከተቀመጠችበት ተነሥታ በአረብኛ ኃይለኛ ተግሣጽ ሰጠችው፤ ባቺታም ቃል በቃል ተረጐመችለት። ሰውዬው ደንግጦ በአገሩ ልማድ የጠየቀ መሆኑን ተናግሮ ተወ።

ለመቃብር የተዘጋጀ ዶማ

ከጥቂት ቀን በኋላ የካፉን ወንዝ ሲሻገሩ ቤከር ወደ ኋላ ዘወር ቢል ፍሎረንስ በረግረጉ ሣር መካከል ቆማ ፊትዋ ጠቍሮ ስትሰምጥ አየ። ፀሐይ መትቶአት ነበረ። ጐትተው ቢያወጡአትም እስትንፋስዋ ብቻ ቀረ። በቃሬዛ ተሸክመው፣ እርሱም በጐንዋ በእግሩ እየሄደ ቀናት አለፉ። በሦስተኛው ቀን ዓይንዋን ገለጠች፤ ነገር ግን አእምሮዋ ተሰውሮ ትቃዥ ነበረ። በአንድ ስፍራ ለመቆየት ስንቅ ስላልነበራቸው ዝናብ እየመታቸው ተጓዙ። በመጨረሻም ቤከር በድካም ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሰዎቹም ዶማ ላይ አዲስ እጀታ አግብተው መቃብርዋን የሚቆፍሩበት ደረቅ መሬት ይፈልጉ ጀመር። ቤከር በማግሥቱ ቢነቃ ግን ፍሎረንስ ረጋ ብላ ተኝታ፣ ዓይንዋም ወደ ልቡናዋ የተመለሰ መሆኑን የሚያስታውቅ ሆኖ አገኛት።

መጋቢት 14 ቀን 1864 ማለዳ አንድ ኮረብታ ላይ ሲወጡ ከታች እንደ ብር የሚያበራ ሰፊ ውሃ ታያቸው። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ቍልቍለት በበሬ የሚወረድ አልነበረም። ቤከር የቀርከሃ በትር ይዞ ቀደመ፤ ፍሎረንስም ትከሻውን ይዛ በየሃያው እርምጃ እያረፈች ወረደች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከባሕሩ ዳር ደርሰው ከውሃው ጠጡ። ቤከርም በ1861 በሞተው በንግሥት ቪክቶሪያ ባል ስም ሐይቁን አልበርት ብሎ ሰየመው። ሐይቁ ግን ስም አጥቶ የኖረ አይደለም፤ የቡንዮሮ ሰዎች ምዊታንዚጌ ይሉት ነበረ።

በታንኳ 13 ቀን ያህል በሐይቁ ዳር ወደ ሰሜን ተጕዘው ወንዙ ከሚገባበት ደረሱ። ወንዙን ተከትለው ሲወጡም ናይል በሁለት ዓለት መካከል ተጨንቆ ከ40 ሜትር በላይ የሚወርድበትን ታላቅ ፏፏቴ አዩ። ቤከር በእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ስም መርቺሰን አለው። ነገር ግን ደስታቸው አልቆየም። ተሸካሚዎቹ ጥለዋቸው ስለ ጠፉ ሁለት ወር ያህል በጦርነት ባድማ በሆነ አገር ታስረው ተቀመጡ። ምግባቸው የዱር ጐመንና የሻገተ ዱቄት ነበረ። ሁለቱም እንደሚሞቱ ቈርጠው ቤከር ካርታዎቹንና ማስታወሻዎቹን ወደ ካርቱም እንዲያደርስ ለጭፍሮቹ አለቃ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበረ። በኋላ እውነተኛው ካምራሲ ሰው ልኮ አስመጣቸው፤ የፊተኛው ሰው ወንድሙ እንደ ነበረም ያን ጊዜ ተረዱ።

በኢብራሂም ጓዝ ተጠግተው በ1865 መጀመሪያ ጎንዶኮሮ ቢመለሱ፣ እንደ ሞቱ ተቈጥረው ኖሮ ደብዳቤም ጀልባም አልጠበቃቸውም። በተከራዩአት ጀልባ ላይም ወረርሽኝ ገባ። ከሞቱትም አንዱ ያ ታማኝ ልጅ ሰዓት ነበረ። ካርቱም ሊደርሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው በናይል ዳር ቀበሩት። ግንቦት 5 ቀን 1865 ካርቱም ገቡ፤ ከዚያም በበርበርና በሰዋኪን በኩል ወደ ስዌዝ ሄዱ።

የተሰጠና የተከለከለ ክብር

ኅዳር 4 ቀን 1865 ሳሙኤልና ፍሎረንስ በሎንዶን በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት ተጋቡ። የእንጀራ ልጆችዋም በፍቅር ተቀበሉአት። ባልዋ የጂኦግራፊ ማኅበሩን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ በ1866ም የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። በዚህ ምክንያት እርስዋም ሌዲ ቤከር ተባለች። ቤከር በጻፈው መጽሐፍም ስለ ሚስቱ ጽናት በግልጽ መሰከረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ከጋብቻዋ በፊት ከቤከር ጋር የኖረች ናት በማለት ፍሎረንስን በቤተ መንግሥትዋ አልቀበልም አለች። ሐይቁ በንግሥቲቱ ባል ስም ተጠርቶ ሳለ፣ ሐይቁን ያየችው ሴት ደጃፉን እንዳትረግጥ ተከለከለች።

በ1869 የግብጹ ገዥ እስማኤል ፓሻ ቤከርን የባርያ ንግድ እንዲያጠፋና የላይኛውን ናይል አገር ለግብጽ እንዲያቀና ሾመው። ፍሎረንስም ከ1,600 በላይ ወታደሮች ይዞ ከዘመተው ባልዋ ጋር አብራ ሄደች። ከነጋዴዎች እጅ ብዙ ባርያዎች ነጻ ወጡ፤ እርስዋም ከነጻ ወጪዎቹ ልጆችን ሰብስባ አሳደገች። የአቾሊ ሰዎች የጨረቃ ልጅ ብለው የጠሩአት በዚህ ጊዜ እንደ ሆነ ይነገራል። ነገር ግን ዘመቻው ሌላ ፊትም ነበረው። አገሩን ያለ ባለአገሩ ፈቃድ ለግብጽ መያዝ ነበረና፣ በሰኔ 1872 ማሲንዲ ላይ ከወጣቱ የቡንዮሮ ንጉሥ ከካባሌጋ ጋር ጦርነት ሆነ። የቤከር ወታደሮች ከተማይቱን አቃጠሉ፤ በኋላም ቀን ከቀን እየተወጉ አፈገፈጉ። ፍሎረንስ ሽጉጥ ታጥቃ በእግርዋ እየሄደች ቍስለኛ ታክም ነበረ። ካባሌጋ እስከ 1899 ድረስ እንግሊዞችን ሲዋጋ ኖሮ ተማርኮ ወደ ሲሸልስ ደሴቶች የተጋዘ፣ በዑጋንዳም ስሙ በጀግንነት የሚነሣ ሰው ነው። ባልና ሚስቱ በ1873 ሲመለሱ የባርያ ንግዱ ቈሰለ እንጂ አልሞተም።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር በዴቮን ቤት ገዝተው ተቀመጡ። በቆጵሮስ፣ በሕንድ፣ በጃፓንና በአሜሪካ አብረው ዞሩ። በ1884 ቤከር እንደገና ወደ ሱዳን እንዲሄድ በተጠየቀ ጊዜ ፍሎረንስ እምቢ እንዳለች ይነገራል። ያለ እርስዋም አልሄድም ብሎ ቀረ። ቤከር ታኅሣሥ 30 ቀን 1893 ሞተ። እርስዋ 22 ዓመት በመበለትነት ኖራ መጋቢት 11 ቀን 1916 ዐረፈች። በሁለተኛው ጉዞ የጻፈችው ማስታወሻ የታተመው በ1972 ነው። እስከዚያ ድረስ ታሪክዋን ሕዝብ የሚያውቀው በባልዋ ብዕር ብቻ ነበረ።

ቤከር ጽኑና ደፋር ሰው እንደ ነበረ አንክድም። ስለ አፍሪካ ሕዝብ በንቀት የጻፈው ግን በዛሬ ሰው ዘንድ የሚያስመሰግነው አይደለም። አደራ ጠባቂው ካቺባ፣ አስተርጓሚዋ ባቺታ፣ ምስጢር ነጋሪው ሰዓት ባይኖሩ፣ እርሱና ካርታው ከጎንዶኮሮ ወዲያ ባልዘለቁም ነበረ። ከሁሉም በላይ ፍሎረንስ ባትኖር አድማው በደም ያልቅ፣ ኢብራሂምም ፊቱን አዙሮ ያልፍ ነበረ።

አልበርት ሐይቅ ዛሬ በዑጋንዳና በኮንጎ መካከል ተኝቶ ይገኛል። ቤከር ከመጠኑ እጅግ አስፍቶ ገምቶት ኖሮ፣ በ1876 ጌሲ የሚባል ጣልያናዊ ዙሪያውን በጀልባ ሲዞረው የሐይቁ መጠን ከግምቱ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ፍሎረንስ ላይ የተደረገው ግምት ግን ተቃራኒው ነው፤ በቪዲን ገበያ ዋጋ ቢቈረጥላትም፣ በሎንዶን ቤተ መንግሥት ደጅ ቢዘጋባትም፣ ሥራዋ ሲለካ ከሁለቱም ግምት በልጦ ተገኝቶአል።